ሰንበት የተከመረ ጤፍ

ኅዳር 3 ቀን 1998፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 3 ሰዓት

ዝናብ፦ ዜሮ። ትናንትም ዜሮ። ነፋስ ቀላል፣ ከምሥራቅ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

የጎረቤት ፍየል እንደገና አጥር ዘልላ ገብታ ከትነት መለኪያው ገንዳ ጠጥታለች። ፀሐይ ስንት ወሰደች፣ ፍየሏ ስንት ወሰደች፣ አይታወቅም። የዛሬውን ትነት በመዝገቡ ላይ «አጠራጣሪ» ብዬ ጻፍኩት። ለፍየሏ ባለቤት ግን አጠራጣሪ ያልሆነ ነገር ተናገርኳት። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምናልባት።

የግብርናው ጸሐፊ ሲያልፍ እንደ ልማዱ፣ ባዶ ሰማይ እየለካሽ ደመወዝ ትበያለሽ አለኝ። ዜሮም ልኬት ነው አልኩት። ደረቁ ቀን ካልተጻፈ ዝናብ ያለ ወቅቱ መምጣቱ በምን ይታወቃል? ሳቀብኝ። ሰቆጣ ላይ ዝናብ መለካት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ቀልድ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፣ ቀልዱ ያው ነው።

ደብተሬ፣ አንቺን የያዝኩሽ ለዚህ ነው። በመ/ቤቱ መዝገብ ላይ ቁጥር እንጂ ንዴት አይጻፍም።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ፣ ከሰ. 11 ሰዓት

የዕረፍት ቀኔ። ባልደረባዬ ተረኛ ነው። ቁልቁል ወደ አባዬ ወረድኩ፣ ከከተማው ግማሽ ቀን ሳይሞላ የሚደረስበት መንገድ። አባዬ ቄስ ኪሮስ ነው፣ የታችኛው ሚካኤል ገበዝ። የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍም የሰፈሩ ጭቅጭቅም በእጁ ነው።

ሸለቆው ደስ ይላል። አምና ጤፉ ሳይዘረዝር ዝናቡ ጥሎት ሄዶ፣ ሰው እርዳታ ስንዴ ተሰልፎ ነው የከረመው። ዘንድሮ እግዜር ይመስገን። የሚበዛው ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል፣ እየደረቀ። ነገ የቀረውን ያጭዳሉ። ከዚያ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ደግሞ የኅዳር ሚካኤል፣ የደብሩ ንግሥ። ሦስቱንም ቀን ሥራ የለም። ጤፉ ማክሰኞን ይጠብቃል። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ በኅዳር ዝናብ የሚፈራ የለም።

አያ ንጉሤን አገኘኋቸው። የበዓል ጠባቂ ናቸው። ሰበካው ነው የመረጣቸው፣ እሳቸው ግን ከላይ እንደተሾሙ ነው የሚቆጥሩት። በበዓል ቀን መቋሚያቸውን ይዘው ጉብታው ላይ ይወጣሉ፤ ማን አረሰ፣ ማን አረመ፣ ማን ወቀጠ ብለው ያያሉ። የተያዘ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይቀጣል። ምክንያቱም በዓል የሻረ በረዶ ይጠራል። የአንዱ እጅ የሁሉን አዝመራ ያስመታል። እኔም ከዚህ ጋር ነው ያደግኩት። በረዶ እንዴት እንደሚሠራ ተምሬ ከመጣሁ በኋላም፣ በማርያም ቀን ልብስ ሳጥብ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ።

እትዬ ለምለም፣ ባሏ የሞተባት የአባዬ ጎረቤት፣ ክረምት ላይ በበዓል ቀን አረም ነቅላ ተቀጣች። ተደናቅፌ ስወድቅ የያዝኩት ሣር ነው ብላ ተከራከረች። አያ ንጉሤ፣ ብዙ ቦታ ነው የተደናቀፍሽው አሏት። ሁለቱም ሲነግሩኝ እኩል አሳቁኝ።

ኅዳር 9፣ ዓርብ፣ ከሰ. 9 ሰዓት

የአየር ግፊቱ ወርዷል። ጠዋት ትንሽ ነበር የወረደው፤ መሣሪያው ተጣብቆ ይሆናል ብዬ መታ መታ አደረግኩት። አልተጣበቀም። አሁን ደግሞ ወርዷል።

ከደቡብ ምዕራብ ስስ ደመና፣ በጣም ከፍ ብሎ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ። የደረቁና የእርጥቡ ቴርሞሜትር ልዩነት ጠቧል። አየሩ ውኃ እየያዘ ነው ማለት ነው። በኅዳር።

12 ሰዓት። ዋናው መ/ቤት ደወልኩ። ትንበያ ክፍል ያለው ልጅ ትሑት ነው፤ አዎ፣ እኛም አይተነዋል አለኝ። ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል፣ ከታች እርጥቡ ይወጣል፣ እናንተ ጋ ሲገናኙ እስከ ሰኞ ድረስ የዝናብ ዕድል አለ። ዕድል! ይህን ቃል እንዴት እንደምጠላው። ማታ በራዲዮ ይነገራል አለኝ። በአባዬ ሰፈር ራዲዮ ያለው አንድ ቤት ነው፣ ባትሪው ካለቀ ከርሟል።

ደንቡን አውቀዋለሁ። እኔ የማየውን እጽፋለሁ፣ እልካለሁ። ይዘንባል አይዘንብም ብዬ ለሕዝብ መናገር የእኔ ሥራ አይደለም። አልናገርም።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 3 ሰዓት

ግፊቱ አሁንም እየወረደ ነው። ደመናው ወፍሯል፤ ፀሐይዋ ከሻሽ ጀርባ ያለች ትመስላለች። ያ ሁሉ ጤፍ መሬት ላይ ነው። የታጨደ ጤፍ ዝናብ ሲያገኘው እንደሚጠቁር፣ ሁለት ቀን ከራሰ ደግሞ እዚያው እንደተኛ እንደሚበቅል ለአንቺ ልንገርሽ?

ብናገርና ባይዘንብስ? የቄስ ልጅ ሰንበት አስሻረች ይባላል። አባዬ በደብሩ ፊት ይዋረዳል። ዝም ብልና ቢዘንብስ? ማንም አይወቅሰኝም። ይህ ነው የባሰው፤ ማንም አይወቅሰኝም።

9 ሰዓት። ነፋሱ ቆመ። ልኬቱን ጻፍኩ፣ መልእክቱን ላክሁ። የነገውን ተራ ለባልደረባዬ ሰጠሁት። እየወረድኩ ነው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ አባዬ ቤት

አልሆነም። ገና ሰላም ሳልለው ነገርኩት። አባዬ ሲቆጣ አማርኛውን ትቶ በኽምጣኛ ነው። ሰበካው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው አለ፤ በንግሥ ዋዜማ፣ በሰንበት፣ ሰው ወደ ማሳ ላስወጣ? ሰከን ሲል ወደ አማርኛ ተመለሰ፤ ይኼ የባሰ ያስፈራል።

«በእርግጥ ይዘንባል?»

«በእርግጥ አላውቅም፣ አባዬ።»

«ልትምዪልኝ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ በምናልባት ሰንበት ሻር ነው የምትዪኝ?»

ነደደኝ። በሬ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ የማያወጣ ማን ነው ተብሎ የለ፣ አልኩት። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። በሬው ጠርዝ ላይ ቆሞ እግሩ ሲንሸራተት እያዩ፣ መውደቁን እስኪያረጋግጡ ይጠብቃሉ?

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አባዬ ተነሣ። ካባውን ለበሰና ወጥቶ ሰማዩን አየ፣ ረጅም ጊዜ። ተመልሶ ገብቶ ጋደም አለ። እኔ ተኛሁ ለማለት ያህል ተኛሁ።

ኅዳር 11፣ እሑድ፣ ከሰ. 12 ሰዓት

 ክንዴ በጤፍ ገለባ ተልጧል። ደስ ብሎኛል፣ እፈራለሁም።

ከቅዳሴ በኋላ አባዬ በሩ ላይ ቆመ። ስብከት መስሎኝ ነበር። እንዲህ አለ፦

«ዛሬ እርሻ የለም፣ ወፍጮ የለም፣ ገበያ የለም። ጉድጓድ አፋፍ ላይ የቆመ በሬ ግን አለ። ልጄ ዝናብ ይመጣል ብላ ትፈራለች። እኔም ፈራሁ። ጤፋችሁን ሰብስቡና ከምሩ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

 አንድም ሰው አልተነቃነቀም። አንገቴን ደፍቼ እግሬን አያለሁ። ከዚያ እትዬ ለምለም መቀነቷን አጠበቀችና ማንንም ሳታይ ወደ ማሳዋ ሄደች። ከኋላዋ ሁለት ጎረምሶች። ከዚያ ሁሉም።

ሁሉም አይደለም። አያ ንጉሤ ቀሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው አባዬን አዩት። «ቄስ ኪሮስ፣ እርስዎ ከፈቱት በር በረዶው ይገባል» አሉ። አልጮኹም። ሰንበቴ ቤት ገብተው፣ ሁሉም ትቶት በሄደው ዳቦ ፊት ብቻቸውን ተቀመጡ። ትልቁ ማሳ ደግሞ የእሳቸው ነው።

አባዬ ያደረገውን አልረሳውም። ቀድማችሁ የአያ ንጉሤን ሰብስቡ አለ። አንዱ ጎረምሳ፣ እሳቸው እንቢ ብለው የለም እንዴ ቢል፣ «እሱ ሰንበትን አከበረ፤ ሰንበት ያከበረ ሰው ለምን ይራባል?» አለው። እናም ባለቤቱ ሳይፈቅድ ጤፉ ተከመረ። ወንዶቹ ይከምራሉ፣ ሴቶቹ እንሸከማለን። የሰፈሩ ጎበዝ ከማሪ ጫፉን እንደ ጎጆ ክዳን አሾለው፤ ዝናብ ቢመጣ ውኃው ወደ ውጭ እንዲንሸራተት። ከዚያ የለምለም፣ ከዚያ የሌላው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሸለቆው ላይ የተኛ ጤፍ አልነበረም።

ከወንዙ ማዶ ያለው ደብር ላይ ግን እንደተኛ ነው። አባዬ ሰው ልኮላቸው ነበር። ሰንበት ነው ብለው መለሱት።

አንዲት ጠብታ የለችም እስካሁን።

ኅዳር 12፣ ሰኞ፣ ጠ. 3 ሰዓት፣ ጣቢያው

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ሽቅብ ስወጣ ከዋክብት ይታያሉ። ከዋክብት! ከታች የማኅሌቱ ከበሮ ይሰማኛል። አባዬ እዚያ ቆሟል፣ ሰው ሁሉ እያየው።

ዝናብ፦ ዜሮ። ዜሮን በዚህ እጄ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ እንደ ዛሬ አፍሬበት አላውቅም።

5 ሰዓት። ፀሐይ። የግብርናው ጸሐፊ በአጥሩ በኩል፣ ዝናቡ ቀረ እንዴ አለኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገብቷል።  ታቦቱ ይህኔ እየዞረ ይሆናል። ግፊቱ ግን አልተመለሰም። እዚያው ታች ነው። መሣሪያዬን አምናለሁ፣ ራሴን አላምንም።

7 ሰዓት ተኩል። ከላስታ በኩል ጥቁር። ነጎድጓድ፣ አንዴ። ነፋሱ ተገለበጠ።

8 ሰዓት። መጣ!! ደብተሬ፣ መጣ። ቆርቆሮው አያናግርም። ውጭ ቆሜ ነበር፣ በስብሻለሁ፣ ገጹ ረጥቦ ከሆነ ለዚያ ነው። ቁጥሩን በመዝገቡ በወጉ እጽፋለሁ፤ በመዝገቡ የማይጻፈውን ለአንቺ፦ ፎከርኩ። በባዶ ግቢ፣ ብቻዬን፣ እጄን እየወረወርኩ፣ የአባቴን ስም እየጠራሁ ፎከርኩ። ፍየሏ አጥሩ ሥር ተጠልላ ታየኛለች።

8 ሰዓት ተኩል። በረዶ።

ዝናብ ብዬ ነበር። በረዶ አላልኩም። እንደ ባቄላ ነው፣ መሬቱ ነጭ ሆነ። ፉከራዬን ትቼ ጣሪያ ሥር ገባሁ። ሰንበት ተሻረ፣ በማግሥቱ በረዶ ወረደ። አያ ንጉሤ የተናገሩት ቃል በቃል። አባዬ ደግሞ በሕዝብ ፊት ኃጢአቱ በእኔ ብሏል።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ፣ ከሰ. 10 ሰዓት

ወረድኩ። ጥላ ያለበት ቦይ ውስጥ በረዶው እስካሁን አልሟሟም።

መጀመሪያ ወደ ክምሮቹ ሄድኩ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ደረቅ። ሞቅ ያለ። የለምለም ደረቅ። የአያ ንጉሤ ደረቅ። የሁሉም ደረቅ! ሣቅሁ፣ አለቀስኩ፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። አንድ ሸለቆ ሙሉ እንጀራ ነው።

ከዚያ ማዶውን አየሁ። ጤፉ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ሴቶች እያነሱ ያራግፉታል። ደስታዬ ቀዘቀዘ። አንድ ወንዝ ነው የሚለየን።

በእኛ ሰፈር ወሬው ሁለት ነው። ክምሩን የሚያይ አባዬን ይመርቃል። ሽምብራው በበረዶ የተመታበት ደግሞ ያጉረመርማል፦ ሰንበት ባይሻር በረዶው አይመጣም ነበር፤ በረዶው ባይመጣ መከመርም ባላስፈለገ። ይህን ነገር ከየት ይይዙታል? ልክ መሆኔ ራሱ አባዬን ያስከስሰዋል። ስለ ደመናው ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ለምለም ቀደመችኝ። «የማዶዎቹ ሰንበትን አክብረው ተቀምጠው ነበር። በረዶው እነሱን በምን ዕዳቸው መታቸው?» አለች።  አያ ንጉሤም ሰምተዋታል፤ መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

አባዬ እንዴት ነህ አይባልም፣ እንዴት ነዎት አልኩት። ታቦቱን በበረዶ ውስጥ አስገባን አለ። ጥላው ተቀደደ፣ እልልታው ግን አልተቋረጠም።  ገጹ ቀልሏል።

ኅዳር 14፣ ረቡዕ

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ረቡዕ ስለሆነ ከተማው ቅበላውን ትናንት በልቷል። ለእኔ ሽሮም አልወርድ አለኝ።

ለእሑድ ሰበካ ተጠርቷል። የአባዬ ጉዳይ። ገበዝነቱን ሊያነሱት ይችላሉ የሚሉ አሉ። ዕድሜ ልኩን የያዘው ቁልፍ ነው። ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ሌላ ሰውም መሆን አያውቅም። ከሳሹ አያ ንጉሤ ናቸው።

አንድ ደስ የሚል ወሬ፦ የእኛ ጎረምሶች ወንዙን ተሻግረው የማዶዎቹን ጤፍ እያገላበጡ ነው። የተረፈ ይኖራል ይላሉ። ጠርቶ የላካቸው የለም።

ኅዳር 18፣ እሑድ፣ ከሰ. 11 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ አላምነውም።

ደጀ ሰላም ተሰበሰብን። እኔ ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ። አባዬ መሐል ቆመ፣ ቀጥ ብሎ። አያ ንጉሤ ተነሡ። ሰንበት ተሽሯል አሉ፤ ለዚህ ምስክር አያስፈልግም፣ ሁላችንም አይተናል። ሕግ ለድሃ ሴት አንድ፣ ለገበዝ ሌላ አይሆንም። ለምለም በአረም ተቀጥታለች። ቄስ ኪሮስም ይቀጡ፣ ሙሉውን ጧፍ። አባዬ አንገቱን ዝቅ አደረገ፦ እቀበላለሁ።  ልናገር ስል እትዬ ለምለም ነጠላዬን ይዛ ጎተተችኝ።

ከዚያ አያ ንጉሤ ከጋቢያቸው ሥር ጧፉን አወጡ። አንድ ሙሉ እሥር፣ በአዲስ ሰም የተነከረ። አባዬ እግር ሥር አኖሩት።

«ሰንበት የተሻረው በእኔ ጤፍ ነው። ዓርብ ወቃሁት፤ አንዲት ፍሬ አልጠቆረችም። የበላ ይክፈል» አሉ።

ሽማግሌው ከልባቸው ነው። በረዶ በዓል በመሻር እንደሚመጣ ዛሬም ያምናሉ፤ እኔ ደመናውን ብስልላቸውም አይለወጡም። ግን ሕጋቸውንም አልጣሉም፣ አባዬንም አልጣሉም። እንዲህ ያለ ፍርድ ዓይቼ አላውቅም። አባዬ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ያዙት፤ ሁለት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ሲጎነበሱ ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸው። ሰዉ ሳቀ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። አባዬ ቁልፉን እንደያዘ ነው! እንደያዘ ነው።

በዚያው ጉባኤ ተወሰነ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ እህል ማሳ ላይ ሳለ፣ ከፀዳለ ቃል ከመጣ ዲያቆኑ ደወሉን ለየት አድርጎ ይመታዋል። ሰንበትም ይሁን ንግሥ። ሁሉም ወጥቶ ይከምራል። በማግሥቱ ሁሉም በአንድነት ይሰግዳል፤ ኃጢአቱ የአንድ ሰው አይሆንም። ደወሉ ማዶም ይሰማል፤ የማዶዎቹ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፣ እነሱም እሺ አሉ።

ፀዳለ ያሉት እኔን ነው። በስሜ። እስከ ዛሬ የቄስ ኪሮስ ልጅ ነበርኩ፣ ወይም ዝናብ ለኪዋ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ሴት በጉባኤ አትናገርም፣ ተናገርኩ። እሳሳታለሁ አልኳቸው። ሰማይ ቃል አይገባም። ግፊት ወርዶ፣ ደመና መጥቶ፣ እንዲሁ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን ንግሣችሁን አስትቼ በጠራራ ፀሐይ አስከምራችኋለሁ። ያን ቀን ምን ልትሉኝ ነው?

  መልሱ ከአያ ንጉሤ ነው የመጣው፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ መቋሚያቸውን እያዩ።

«እርግጡ ሳይጨበጥልሽም ቃል ላኪ። ከምረን ፀሐይ ብትወጣ፣ ጤፍ ከመርን እንጂ ምን አጣን? ለቅጣቱ እኔ አለሁ።»

መ/ቤቱ ደንብ አለው፣ አውቃለሁ። ነገ ለዋናው ክፍል እደውላለሁ፣ የምሠራውን እነግራቸዋለሁ፣ ተደብቄ አላደርገውም። ቢቆጡም ይቆጡ። ሳይጨበጥልኝም እልካለሁ።